ሻንጣውን ይዞ የሚመላለሰው ሰውዬ

ውዴ ታደሰ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የሚባለው ነገር ስላልተዋጠልኝ ነው። ታውቀኛለህ፤ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ፣ ማንም በማያነሳው መስመር ላይ ብዙ አልቆይም። አሁን ግን በቤታችን አንድ ነገር ሆነ። ከአንተ ሌላ ለማን እንደምነግረው ባስብ ባስብ ሰው አጣሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። በጓዳው በኩል የሚያፈሰውን ጣራ አሠርቼዋለሁ። የጓሮው ትልቁ ባሕር ዛፍ በነፋስ አዘንብሎ ጎረቤት አጥር ላይ ሊወድቅ ሲል ተቆረጠ። አሁን መስኮቱን ስከፍት ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ መጀመሪያ ደብሮኝ ነበር፣ ኋላ ለመድኩት። ቡናማ ካፖርትህን ለወንድሜ ሰጠሁት፤ እጅጌው አጥሮበት ልብሱ የጠበበው ተማሪ መስሎ ይሄዳል። ባለሱቁ ሸምሱ ዛሬም ለቀበሌው ሱቅ ስኳር መምጣቱን ከቀበሌው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ስምህን ሲያነሳ «ያ ሳቂታ» እያለ ነው። ጥቁር ልብሴን ሙት ዓመትህ ከወጣ በኋላ አወለቅሁ። እናትህ ግን አላወለቁም፤ የሚያወልቁም አይመስለኝም።

ዋናው ወሬ የእናትህ ነው። አንተ ስትሄድ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እማማና እኔ ነን። ልጅ ወልደን ቢሆን ኖሮ እሳቸው አያት፣ እኔ እናት ሆነን ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እግዚአብሔር ግን ልጅ አልሰጠንም። ባሏ የሞተባት ሴትና ልጃቸው የሞተባቸው እናት፣ መካከላቸው የነበረው ሰው ከሄደ በኋላ አንዳቸው ለሌላቸው ምን እንደሚሆኑ የሚያውቅ የለም። የሰፈሩ ሰው ግን ያውቃል። ውኃ ልቀዳ ቦኖ ስወርድ አንዷ «እማማ እስካሁን አሉ እንዴ?» ትለኛለች፤ ሌላዋ «አንቺ ደግሞ ገና ልጅ ነሽ» ትለኛለች። ሁለቱም አንድ ነገር መናገራቸው ነው፤ እሳቸው ይሂዱ፣ አንቺ አግቢ።

ሐምሌ ላይ የእማማ ወንድም ጋሼ ዘለቀ ከሸኖ መልእክት ላኩ። ፍልሰታ ሲፈታ መጥተው እህታቸውን ለዘለቄታው ሊወስዱ፣ እንቁጣጣሽን እዚያው ከዘመድ ጋር እንዲውሉ። መልእክቱን እማማ ፊት ያነበብኩት እኔው ነኝ። አንብቤ ስጨርስ እሳቸው «እንግዲህ ጥሩ» አሉ፤ እኔም «ጥሩ ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

እኔ፣ ለሰው ሁሉ እንደ ልቤ የምናገረው፣ ምን አፌን እንደያዘው ልንገርህ። በምን አፌ አይሂዱ እላቸዋለሁ? ወንድም አላቸው፣ የወንድም የልጅ ልጆች አሏቸው፣ ወተት አለ፣ ደጃፍ ላይ የሚያጫውታቸው ሰው አለ። እኔ ፈረቃ ስገባ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ከሬዲዮ ጋር ይውላሉ። የወለዱትን ቀብረው ያልወለዷትን ሲጠብቁ ያርጁ እንዴ? እንዲህ እያልኩ ይሉኝታ አሰረኝ። ቢሄዱ ግን ወደዚህ ቤት ለምን እንደምመለስ አላውቅም ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

አሁን የአንተን ፊልሞች ማንሳት ግድ ሆነብኝ።

በጊዜው ጓደኞቼን የሚወዷቸው ወንዶች ሁሉ የህንድ ፊልም ይወስዷቸው ነበር። እዚያ ሰው በወጉ ያለቅሳል፣ በወጉ ይዘፍናል፣ ክፉው ሰውዬ የእጁን ያገኛል፣ ልጅቷ ትዳራለች፤ ተመልካቹም ዓይኑን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይገባል። አንተ ግን እኔን ፒያሳ ወንበሩ ግማሽ ባዶ ወደሆነ አዳራሽ ወሰድከኝ። ከወዳጅ አገሮች የሚመጡ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ትንንሽ የፍቅር ፊልሞች። ቋንቋው አይገባንም፤ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አንተ በጆሮዬ ታንሾካሹክልኛለህ።

በመጀመሪያው ፊልም አንድ ቀጭን ሰውዬ በሐዲድ ላይ የሚሄድ አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ወደደ። በየቀኑ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሳፈራል፤ ይወርዳል፤ ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ በእግሩ ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ቀን ቆርጦ አበባ ይዞ ሲመጣ የምትነዳው ሌላ ሴት ሆና ተገኘች፤ የሱዋ ወደ ሌላ መስመር ተዛውራለች። አበባውን ለአዲሷ ሰጥቶ ቁጭ አለ። መብራት በራ። እኔ የቀረ ያለ መስሎኝ ከወንበሬ አልነሳ አልኩ፤ አንተ ደግሞ ዘወር ብዬ ሳይህ እንባህ ሞልቷል።

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ብለን በፍጥነት ወደ ጉለሌ ስንወጣ መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቅሁህ። ምላስ የለውም ወይ? ዓመት ሙሉ ከሚሳፈር አንድ ቀን ቢናገር ምን አለበት? በሦስት ደቂቃ ስልክ የሚያልቅ ጉዳይ እኮ ነው። አንተ እየሳቅህ «ቶሎ ከተናገረማ እኛ ምን እናያለን?» አልከኝ። ቀጥለህ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ወሰድከኝ፤ ከዚያም ሌላ።

የጠላሁባቸውን ብዘረዝር ወረቀት አይበቃኝም። ሾርባ ቀርቦ ይቀዘቅዛል፣ ማንም አይበላውም። ልጅቷ በመስኮት ታያለች፤ እኛም እሷ የምታየውን እናያለን፤ ባዶ መንገድ ነው። ውሻ ያልፋል፤ ውሻው እስኪያልፍ ድረስ ሁላችንም እንጠብቃለን። አኮርዲዮን ትንሽ ይሰማና ያቆማል። ሰዎቹ የልባቸውን ከመናገር ስለ አየሩ ማውራት ይቀናቸዋል። ደህና እየሄደ ነው ስትል ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ተጋቡ፣ አልተጋቡም፣ የአንተ ጉዳይ ነው።

ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር። ያን ሁሉ የህንድ ፊልም በማግስቱ ረሳሁት፤ የአንተዎቹ ናቸው ዛሬም አብረውኝ ያሉት። ያ የወደዳት ሴት አንድ ቀን «ዳክዬ ደስ ይላል» ስላለች ብቻ ዳክዬ ገዝቶ በሕንፃው የጋራ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያኖረው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? የሕንፃው ሰው ሁሉ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ተሰልፎ፣ እሱ በሩን ዘግቶ ዳክዬዋን «ተጫወቺ» ሲላት። አንድ ቀን ሥራ ላይ እሱ ትዝ ብሎኝ መስመር እያገናኘሁ ሳቄ አመለጠኝ፤ ደዋዩ ሰውዬ በእርሱ የሳቅሁ መስሎት ተቀየመኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። የሚያፈቅር ሰው ትንሽ እንደሚሞኝ፣ ሞኝነቱም እንደሚያምር።

አንተ ራስህ ከእነሱ ወገን ነበርክ። ስንት ወራት ሲኒማ ስታመላልሰኝ አንድ ቀን ስለ ትዳር ትንፍሽ አላልክም። እንቁላል ፋብሪካ ሰፈር ስንደርስ ቆሜ «ሽማግሌ ትልካለህ ወይስ ሌላ ፊልም አለ?» ያልኩህ እኔ ነኝ። አንተ «ሁለቱም አለ» አልከኝ። እንደ ቃልህም አደረግህ፤ ሽማግሌ የላክህ ሰሞን እንኳ እሑድ አልቀረንም።

ቀበሌያችን ውስጥ ደግሞ ያንን የቅዳሜ ስብሰባ ታስታውሳለህ። ስብሰባው ሲያልቅ የፊልም መኪናው ይመጣል፤ ነጭ ጨርቅ ይወጠራል፤ መጀመሪያ ትራክተርና ግድብ እናያለን፤ አንዳንድ ጊዜ አብሮ የመጣ የፍቅር ፊልም ይከተላል። ፊልሙ ሲያልቅ የውይይት መሪው ይነሳና «ጓዶች፣ ከፊልሙ ምን ተማርን?» ይላል። ትራክተሩስ ቀላል ነው፤ ስለ ምርት አንድ ሰው ይናገርና ያልፋል። የፍቅሩ ፊልም ላይ ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። አንድ ሰው የተማረውን ሳይናገር ደግሞ ወደ ቤት መሄድ የለም። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል፤ ከዚያ ቀስ እያለ አንተ ወደ ተቀመጥክበት ይዞራል። ያ ዳክዬ ያለበት ፊልም እኛ ቀበሌም መጥቶ በታየ ጊዜ ተነስተህ «የጋራ ንብረት ለዳክዬም ጭምር እንደሚያገለግል ተምረናል» አልክ። እኔ በፍርሃት ሱሪህን ይዤ ቁልቁል ሳብኩህ። መሪው ትንሽ አሰበና «ጥሩ አስተያየት ነው» አለ፤ ሰዉም እፎይ ብሎ ተበተነ። በር ላይ አንዳንዱ እጅህን ጨብጦ ያመሰግንህ ነበር፣ ራቱ ሳይቀዘቅዝ ስላደረስከው።

አንተ ከሞትክ በኋላ ስብሰባውን እንጂ ፊልሙን ተቀምጬ አይቼ አላውቅም ነበር። ጨርቁ ሲወጠር ሹልክ እላለሁ።

እንግዲህ ጋሼ ዘለቀ እንዳሉት ፍልሰታ ሲፈታ መጡ። ዓርብ ገቡ፣ እሑድ ጠዋት ከእማማ ጋር በአውቶቡስ ሊሄዱ። እማማ ጓዛቸውን ያስራሉ፤ ደግሞ መቁጠሪያዬ ከውስጥ ቀረ ብለው ይፈቱታል፤ ያስራሉ፤ ደግሞ ነጠላዬን ልይ ብለው ይፈቱታል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ ለመንገድ ያዘጋጁትን ቀሚስ አጠብኩት። ንጹሕ ነበር። በነሐሴ ዝናብ ጉለሌ ውስጥ የታጠበ ቀሚስ በማግስቱ እንደማይደርቅ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ገመዱ ላይ ሳሰጣው እማማ በረንዳው ላይ ቆመው አዩኝ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። እማማ እነዚያን ፊልሞች አንድም ቀን አይተው እንደማያውቁ ታውቃለህ፤ ጨርቅ ላይ የሚሄድ ጥላ ምኑ ይታያል ይሉ ነበር። በዚያን ቀን ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና «ታደሰ የሚያየውን አይቼ ልሂድ» አሉኝ። ጋሼ ዘለቀም ተከተሉ።

ዕድሌ ሆኖ የፍቅር ፊልም ነበር። የአንተ ዓይነት ነው፤ እንደጀመረ አወቅሁት። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት የተከራየ ጎልማሳ ሰውዬ አለ። ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ባርኔጣው የለም፤ ተመለሰ። ሴትዮዋ ባርኔጣውን ሰጠችው፤ አየሩ ቀዝቅዟል ተባባሉ፤ ወጣ። ዣንጥላውን ረሳ፤ ተመለሰ። እንዲህ ሲመላለስ እሷ ደግሞ መነጽሩን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቀችው። ከሥር ከሚጻፈው የገባኝን እኔ ነበርኩ ለእማማና ለጋሼ ዘለቀ የማንሾካሹክላቸው፤ አንተ ለኔ ታደርገው እንደነበረው። ጋሼ ዘለቀ አላስቻላቸውም፤ «ዱቄቱ ውስጥ ነው፣ ዱቄቱን እይ!» ብለው ጮሁ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እማማ አልሳቁም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ትክ ብለው ያያሉ።

መጨረሻ ላይ ሰውዬው እንደገና ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። ሻንጣውን አስቀመጠ፤ እጁን ወደ ደወሉ ዘረጋ። አለቀ። ደወለ፣ አልደወለ የለም። መብራት በራ፤ ሰዉ አጉረመረመ።

መሪው ተነሳና እንደ ልማዱ ጠየቀ። እንደ ልማዱም ጸጥ አለ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ አንተ ትቀመጥበት ወደነበረው አግዳሚ ዞረ፤ ሳያስቡት ነው፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ሰበሩ። በዚያን ጊዜ እማማ እጃቸውን አወጡ። መሪው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ግራ ገብቶት «እሺ፣ ጓድ... እማማ» አላቸው። ተነሱ።

«ልጄ ይህን ይወድ ነበር፤ እኔ ግን አልወደድኩትም» ብለው ጀመሩ። «ሰውዬው መሄድ ካልፈለገ አልሄድም ይበል እንጂ፣ ሻንጣ ይዞ ምን ያመላልሰዋል? እሷስ ብትሆን፣ አትሂድ ማለት አቅቷት መነጽር ትደብቃለች? አፍ ተሰጥቶን የለ እንዴ? እኔ የተማርኩት ይህን ነው።» ብለው ተቀመጡ።

ታደሰ፣ ያን ቀን የተጨበጨበላቸውን ያህል ለአንተ ተጨብጭቦ አያውቅም። መሪው ራሱ አጨበጨበ። እኔ ግን ማጨብጨብ አልቻልኩም፤ ገመዱ ላይ ያንጠለጠልኩት ቀሚስ ነው ፊቴ ላይ የመጣብኝ። እማማም ከተቀመጡ በኋላ የሚያዩት መሬቱን ነበር።

ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር። ጋሼ ዘለቀ ቀደሙ፤ እማማን እኔ ክንዳቸውን ይዤ በዣንጥላ ስር እንሄዳለን። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስንደርስ ቆምኩና «እማማ፣ አይሂዱብኝ» አልኳቸው። አዩኝና «ይህን ለማለት ቀሚሴን መንከር ነበረብሽ?» አሉኝ። ሁለታችንም በዝናቡ መሃል ቆመን ሳቅን፤ ኋላ ደግሞ አለቀስን፤ ሰው ያልፋል፣ ያየናል፣ ግድ አልሰጠንም።

ለካ እሳቸውም መሄድ አልፈለጉም ነበር። የኔን መንገድ የዘጉብኝ መስሏቸው፣ እኔን ነፃ ሊያወጡኝ ነበር ጓዝ ሲያስሩና ሲፈቱ የከረሙት። እኔ ደግሞ ለእሳቸው አዝኜ ዝም። አንተ ቤት ውስጥ ብትኖር ይህን አይተህ በሳቅ ትሞት ነበር። አትቀየመኝና፣ አንድ ቀን እኔን የሚፈልግ ሰው ቢመጣ እንኳ ከነእርስዎ ነው የሚወስደኝ ብያቸዋለሁ። «ታዲያ ማን ይመጣል?» ብለው ሳቁብኝ።

ጋሼ ዘለቀ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ለዘመድ ምን እላለሁ አሉ። ከዚያ ቤት ገብተን እሳት ዳር ስንቀመጥ ለረጅም ጊዜ ሲያስቡ ቆዩና እህታቸውን «ቆይ፣ ያ ሰውዬ ገባ ወይስ አልገባም?» ብለው ጠየቁ። እማማም «ገብቷል» አሉ። እሑድ ጠዋት ወንድማቸውን ሁለታችን አውቶቡስ ድረስ ሸኘናቸው፤ ለእንቁጣጣሽም በተራቸው የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡብን።

እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ የማመሰግነው አንተን ነው። አንተ ባትጎትተኝ ኖሮ እነዚያን ፊልሞች በሕይወቴ አላያቸውም፤ ሰዎች የልባቸውን ሳይናገሩ ስንት እንደሚመላለሱ አላውቅም፤ እማማም ልጃቸው ያይ የነበረውን ሊያዩ አይነሱም። ወርቅ አላስቀመጥክልኝም፤ የምስቅበትን፣ የምናደድበትንና አንዲት እናትን ነው ትተህልኝ የሄድከው። ከዚህ የበለጠ ከማንም አልጠይቅም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለህ በመጨረሻዎቹ ቀናት አጠገብህ ቁጭ ብዬ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ ዝናቡ ስንነጋገር ነበር የምንውለው። አየሩ ቀዝቅዟል ተባብለናል፤ በአንተ ፊልሞች ላይ ስሳለቅ የኖርኩት እኔ። አሁን ግን እናትህ አፍ ተሰጥቶናል ስላሉ ልናገር። እወድሃለሁ፣ ታደሰ። እንቁላል ፋብሪካ ጋ ቆሜ ሳፋጥጥህ እወድህ ነበር፤ አዳራሽ ውስጥ ሱሪህን ስጎትት እወድህ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ስምህ ሳይነሳ የሚመሽ ቀን አይኖርም። የፊልሙ መኪና በመጣ ቁጥርም ከእማማ ጋር እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አያለሁ።

ይህን ስጽፍ እማማ አጠገቤ ሆነው ጥጥ እየፈተሉ ነው። ለአንተ እንደምጽፍ ነግሬያቸው ምን ልበልልዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዝርታቸውን አቆሙ።

«እቤቴ ነኝ በይው» አሉኝ።